ተጎድቶ ቤት ለዋለ የተራራ ሯጭ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጫማዬ በሩ ሥር 11 ሳምንት ተቀመጠ። የመጨረሻው ሩጫ ጭቃ ሶሉ ላይ ደርቋል። ቤት ያሉት "አንሳው" ይሉኛል፣ እኔ አላነሳም። ማጠቡም አላሰኘኝም። ካጠብኩት ነገሩ ያበቃለት መሰለኝ።

ቁልቁለት ላይ ነው የሆነው። ያልጸና ድንጋይ ረገጥኩ፣ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ፣ "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጅማቱ በከፊል ተበጥሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጎዳ የትሬል (የተራራና የጫካ መንገድ) ሯጭ ባገኘሁ ቁጥር የሚጠይቀኝ ያው ነው። እኔም ያኔ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የጠየቅሁት ያንኑ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ከሐኪምና ከፊዚዮቴራፒስት የሰማሁትን፣ ያነበብኩትንና በራሴ እግር ያየሁትን ነው።

ሐኪም ጋ ልሂድ ወይስ ይለቀኛል?

ስለ ስሜት ከማውራታችን በፊት ይሄ ይቅደም፤ ግማሹ ጭንቀት የሚመጣው ካለማወቅ ነውና። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ያሳለፍኩት ስልኬ ላይ የበሽታ ዓይነት ሳነብ ነው። ተመርምሬ የጉዳቱ ስም ሲነገረኝ ዜናው ደስ አይልም ነበር። የዚያን ሌሊት ግን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ለቁርጭምጭሚት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መመዘኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ውስጥ የወጣ ሲሆን በኦታዋ ከተማ ስም ይጠራል። ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። እንደተጎዳችሁም፣ ሐኪም ቤት ስትደርሱም 4 እርምጃ መራመድ አቃታችሁ? በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ያሉትን አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸው፣ ከጫፋቸው እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ስትጫኑ አጥንቱ ላይ ያማል? ከሁለቱ አንዱ ካለ ራጅ መነሳት ነው።

ሳይወድቁ፣ ሳይጋጩ የመጣ ሕመም ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ጣት የምትጠቁሙት አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ በሮጣችሁ ቁጥር ከባሰ፣ ሌሊትም ከቀሰቀሳችሁ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ብሽሽት ውስጥ የሚሰማ ከሆነ ጭራሽ አትዘግዩ፤ የጭን አጥንት አንገት ላይ ያለ ስንጥቅ ቀልድ አያውቅም። ባታችሁ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ፣ በተለይ እግራችሁ ጀሶ ውስጥ ከከረመ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዩ።

እግሬን እንጂ ሰው አላጣሁ፤ ለምንድን ነው እንዲህ የከፋኝ?

ምክንያቱም ያጣችሁት ነገር አለ። ሩጫ አእምሮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ረጅም ሩጫ ላይ ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጫቸው ኢንዶካናቢኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ደም ውስጥ ይጨምራሉ፤ መንፈስን ያረጋጋሉ፣ ሕመምን ያደበዝዛሉ። ይህን በየቀኑ የለመደ ሰው አንድ ቀን ድንገት ሲቋረጥበት መነጫነጩ አይገርምም።

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ አንድ ጥናት ላይ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ተመራማሪው በየቀኑ የሚሠሩ ስፖርተኞችን ለአንድ ወር አቁመው ሊያያቸው ፈለገ። ገንዘብ እከፍላለሁ አለ፤ እምቢ አሉት። ጨምሮም እምቢ አሉት። በመጨረሻ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠሩትን ወሰደ። እነሱም ቢሆኑ እንቅልፋቸው ተረበሸ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የዘወትር ስፖርተኞችን ለ3 ቀን ብቻ አስቆሙ። ጭንቀቱና ድብርቱ ወዲያው ታየ። 3 ቀን! እኔ 11 ሳምንት ቆይቼ "ለምን ደበረኝ" እላለሁ።

ለትሬል ሯጭ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የጎደለው ስፖርቱ ብቻ አይደለም፤ ቦታውም ነው። ማለዳ ዛፎቹ መሃል ገብቶ ሁለት ሰዓት ማንም ሳያናግረን መቆየት አለ። ጤዛ ያራሰው ካልሲ አለ። ዳገቱን ጨርሶ ወገብ ይዞ ቁልቁል ማየት አለ። ቤት ውስጥ ብስክሌት ቢነዳ ልብ ይመታል እንጂ ይሄ አይገኝም። ስለዚህ ካዘናችሁ እዘኑ። "በዚህ ማዘን ያሳፍራል" የሚለው ሁለተኛ ሐዘን ነው ከመጀመሪያው የሚከብደው።

"አይዞህ፣ ቀና ቀናውን አስብ" ሲሉኝ ለምን እናደዳለሁ?

እኔንም ያናድደኝ ነበር። በተለይ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው። አንድ ሰው ሲለኝ ፈገግ አልኩ። ሁለተኛው ሲለኝ ዝም አልኩ። ሦስተኛው ሲለኝ ክራንቹን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። እንቁላሉ ቢያንስ ውድድር አልተመዘገበም።

ነገር ግን ተስፋ ማድረግ ራሱ የሕክምናው ክፍል መሆኑን ሳነብ ቁጣዬ በረድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ፊዚዮቴራፒስቶች ለጅማትና ለጡንቻ ጉዳት የሚሆን መመሪያ አወጡ። "ፒስ ኤንድ ላቭ" ይባላል፤ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ምክር መጀመሪያ ነው። "ላቭ" ውስጥ ያለችው "ኦ" ኦፕቲሚዝም ነች፣ ተስፈኝነት ማለት ነው። እግርን ቀስ በቀስ ማሠራትና ደም እንዲዘዋወር ማድረግ ከሚሉት ጎን እኩል ተቀምጣለች። "አልድንም"፣ "አለቀልኝ" የሚል ፍርሃት የያዘው ሰው ማገገሙ እንደሚጓተት ስለሚታወቅ ነው።

ታዲያ ተስፋ ማለት ጥርስን ማሳየት አይደለም። "እሁድ እሮጣለሁ" ማለትም አይደለም። እኔ ይሄን ስህተት ሦስት ጊዜ ሠርቻለሁ። የመመለሻ ቀን እቆርጣለሁ፣ ካላንደር ላይ አከብበዋለሁ፣ ቀኑ ሲደርስ እግሬ አሁንም ያብጣል፣ እኔም ሳምንቱን ሙሉ እጠቁራለሁ። አራተኛውን ቀን ላከብብ ስል ፊዚዮቴራፒስቴ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። "ቀን ተው፣ ፈተና ጻፍ" አለኝ። ፈተናዎቹን ተራ በተራ ጻፍን። በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም። 30 ደቂቃ ያለ ሕመም መራመድ። በአንድ እግር ተረከዝን 25 ጊዜ ማንሳት። በተጎዳው እግር 10 ጊዜ መዝለል። ቀን ያልፍባችኋል፤ ፈተና ግን ዛሬ ካላለፋችሁት ነገ እዚያው ይጠብቃችኋል። ካላንደሩን ከግድግዳው አወረድኩት።

የገነባሁት አቅም ሁሉ ሊጠፋ ነው?

የተወሰነው ይሄዳል፣ ሁሉም አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ዝነኛ ጥናት አለ። በደንብ የሠለጠኑ ጥቂት ስፖርተኞች ለ84 ቀናት ልምምድ አቆሙ። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ፣ ቪኦቱ ማክስ የሚባለው፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት 7 ከመቶ ገደማ ወረደ። 8 ሳምንት ላይ 16 ከመቶ ገደማ ደረሰና ቆመ። ከዚያ በኋላ እስከ 84ኛው ቀን አልወረደም። ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም እንዳሉ ቆዩ። ዓመታት የሠራ ሰው ጨርሶ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ጋ አይወርድም ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚቀንሰው የደም ፈሳሹ ክፍል ነው። ለዚህ ነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ የሚደልቀው። እሱ ደግሞ ስትመለሱም ቶሎ የሚመለስ ነው።

ሰው የማይነግራችሁ ግን ይሄ ነው፦ ልብና ሳንባ ይቀድማሉ፣ አጥንትና ጅማት ይዘገያሉ። በተመለሳችሁ በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሻችሁ "ሂድ" ይላል። ጅማቱ ገና ነው። ድጋሚ የሚጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ላይ ነው የሚያዘው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እንደ ጉዳቱ ነው። ቀላል ወለምታ ከ1 እስከ 3 ሳምንት። ጅማት የተበጠሰበት ከ6 ሳምንት በላይ። አደገኛ ቦታ ላይ ያልሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሩጫ እስኪጀመር ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። የተረከዝ ጅማት ሕመም ግን ትዕግሥት ይፈትናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ስዊድን ውስጥ የተሞከረውና ዛሬም የሚታወቀው ልምምድ 12 ሳምንት ነው፤ በቀን 180 ጊዜ ተረከዝን ከደረጃ ጫፍ ቀስ አድርጎ ማውረድ። 180 ጊዜ መቁጠር አሰልቺ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር መኖሩ በራሱ ያሳርፋል።

ቀኑን በምን ልሙላው?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። እኔን ከድብርት ያወጣኝ መልካም ሐሳብ ሳይሆን የሥራ ዝርዝር ነው። ሯጭ በየቀኑ የሚሠራው ነገር ካልሰጡት መብሰልሰል ይጀምራል።

ከጤነኛው እግር ጀምሩ። አንዱን እጅ ወይም እግር ብቻ ስታሠሩ ያልሠራውም በተወሰነ ደረጃ ይጠነክራል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1894 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተለክቶ ታይቷል፤ አሁንም እግራቸው ለታሰረ ሰዎች ይሠራበታል። ምክንያቱ ጡንቻው አይደለም። ትእዛዙን የሚልከው አእምሮ ነው የሚሠለጥነው። እና "አንድ እግሬ ስለታመመ ምንም መሥራት አልችልም" የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ቀጥሎ፣ አስቡት። ቀልዴን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ሰዎች የእጅ አንጓቸው ለ4 ሳምንት ጀሶ ውስጥ ገባ። ዝም ብለው የተቀመጡት ከጉልበታቸው 45 ከመቶ ገደማ አጡ። በሳምንት 5 ቀን ጡንቻቸውን እያጠበቁ እንደሆነ አድርገው ያሰቡት ያጡት 24 ከመቶ ገደማ ነው። እኔ ማታ ማታ ተኝቼ የማውቀውን መንገድ እሮጥ ነበር። እያንዳንዷን መታጠፊያ፣ የትኛው ሥር ላይ በየትኛው እግር እንደምረግጥ ሁሉ። የወደቅኩባት ድንጋይ ጋ ስደርስ መጀመሪያ አካባቢ እደነግጥ ነበር። በኋላ በግራ በኩል አለፍኳት።

ሐኪማችሁ ከፈቀደ ውሃ ውስጥ ሩጡ። ወገብ ላይ የሚታሰር ተንሳፋፊ ቀበቶ አለ፤ እግር መሬት ሳይነካ ጥልቁ ላይ መሮጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ጥናት ሯጮች ለ4 ሳምንት ውሃ ውስጥ ብቻ ሮጠው የ5 ኪሎ ሜትር ብቃታቸው አልወረደም። የልብ ምት ግን መሬት ላይ ካለው በደቂቃ 10 ያህል ዝቅ ይላል፤ ሰዓታችሁን አይታችሁ "አልሠራሁም" እንዳትሉ። የሚያስቸግረው መሰልቸቱ ነው። እኔ የገባሁበት ገንዳ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚዋኙ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ቀስ ብለው ይቀዝፋሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ እየሮጥኩ በ40 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ አለፉኝ። በስድስተኛው ዞር ብለው "ልጄ፣ የሚያባርርህ አለ እንዴ?" አሉኝ። ከተጎዳሁ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ነው።

የቀረው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ጥርስ ሲቦርሹ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም፤ ሲቀል ዓይን መጨፈን። ለወለምታ ይሄ ጨዋታ አይደለም። አንዴ የታጠፈ ቁርጭምጭሚት ደግሞ መታጠፍ ይወዳል፤ የሚዛን ልምምድ ግን ያንን እንደሚቀንስ በደንብ ታይቷል። ዓይኔን ጨፍኜ 12 ሰከንድ የቆምኩ ቀን ውድድር የጨረስኩ ያህል ቤት ላለው ሁሉ አወራሁ። ማንም አልተደነቀም።

ትንሽ ቢያመኝም ልሥራ?

ለጅማት ሕመም ፊዚዮቴራፒስቶች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። ከ0 እስከ 10 ሕመሙን ነጥብ ስጡት። እስከ 5 ድረስ ይቻላል፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ከሳምንት ሳምንትም መጨመር የለበትም። እኔ ከአልጋ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስወርድ የሚሰማኝን ነጥብ በየቀኑ እጽፍ ነበር። ስሜት ይዋሻል፣ ደብተር አይዋሽም። "ምንም አልተሻለኝም" ባልኩበት ቀን ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ ከ6 ወደ 3 ወርጃለሁ።

ለአጥንት ስንጥቅ ይሄ አይሠራም። እዚያ የሚፈቀደው ዜሮ ነው።

ጓደኞቼ የሮጡትን ስትራቫ በሚባለው የሩጫ መዝገብ አፕ ላይ ሳይ ያንገበግበኛል። ቅናት ነው?

አዎ፣ ቅናት ነው። ምንም ችግር የለውም። ለአንድ ወር አፑን አጥፉት። ማንም አይቀየማችሁም፣ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ አያስተውሉትም።

ታዲያ ከሩጫ ጓደኞቼ ጋር እንዴት ልቆራኝ?

ውድድር ላይ አገልግሉ። ይሄን ሲሉኝ "የማይበላ ሰው አስተናጋጅ ሁን እንደማለት ነው" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

የ100 ማይል የትሬል ውድድር አመጣጥ ራሱ ከጉዳት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። የተጎዳው ግን ሯጭ ሳይሆን ፈረስ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ 100 ማይል በ24 ሰዓት የሚጋለብበት የፈረስ ውድድር ነበር። ጎርዲ አይንስሊ የተባለው ጋላቢ እ.ኤ.አ. በ1973 ፈረሱ መንገድ ላይ አነከሰበትና አቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት ያለ ፈረስ መጣ። በእግሩ ሮጦ በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገባ። ዛሬ ዌስተርን ስቴትስ የሚባለው ውድድር ከዚያ ነው የተወለደው። አሁን 369 ያህል ሯጮች ሲሰለፉ የሚያገለግሉት ፈቃደኞች 1,500 ገደማ ናቸው። ሯጮቹም ራሳቸው ከመሰለፋቸው በፊት 8 ሰዓት በፈቃደኝነት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። የተጎዳችሁበት ወቅት ይህን ዕዳ ለመክፈል የሚመች ነው።

እኔ የተመደብኩት ሌሊት የውሃ ማደያ ጣቢያ ላይ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ኮዳ መሙላት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ መጣ። የግንባር መብራቱ ዓይኔ ላይ በራ፤ ማጥፋቱን ረስቶታል። ኮዳውን ሊከፍት ሞክሮ ጣቶቹ እምቢ አሉት። ከፈትኩለት፣ ሞላሁለት፣ ዘጋሁለት። "ስንት ቀረኝ?" አለኝ። ነገርኩት። ምንም አላለም፤ ትከሻዬን ይዞ ትንሽ ቆመና ሄደ። መብራቱ ዳገቱ ላይ እየተወዛወዘ ሲርቅ ቁርጭምጭሚቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ያህል እንደረሳሁት ገባኝ።

የተመዘገብኩበት ውድድር ደርሷል። ልሂድ ወይስ ልተወው?

"ልሂድ?" ብላችሁ ሰው የምትጠይቁ ከሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ሁልጊዜ አንድ ሰው ዝነኛውን የተራራ ሯጭ ኪሊያን ዦርኔትን ይጠቅስላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርድሮክ 100 በሚባለው የ100 ማይል የተራራ ውድድር ላይ ገና መጀመሪያው አካባቢ ትከሻው ወለቀ፤ እጁን አስሮ ቀጠለና አሸነፈ። እውነት ነው። ግን ትከሻ ነው እንጂ እግር አይደለም፣ ኪሊያንም ኪሊያን ነው። እኔ የምጠቅሰው ሌላውን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በተራራ ስኪ ውድድር ላይ የቅልጥሙ ቀጭን አጥንት ተሰበረ። ሦስት ወር ከምናምን ቆይቶ የሞን ብላን ማራቶንን አሸነፈ። አጥንቱ እየገጠመ ሳለ የቀሩበት ውድድሮች ዛሬ ማንም አያስታውሳቸውም።

ለአዘጋጆቹ ቶሎ ጻፉ። አንዳንዶቹ ምዝገባውን ወደ ቀጣዩ ዓመት ያዞራሉ፣ ይህም ብዙውን ጊዜ የጊዜ ገደብ አለው። እኔ እስከ መጨረሻው ሳምንት "ማን ያውቃል" ብዬ ቆይቼ ገንዘቡም ቦታውም ቀረብኝ።

ስለማልሮጥ ምግብ ልቀንስ?

ብዙ አትቀንሱ። ቁስል መዳን ራሱ ኃይል ይፈልጋል። ፕሮቲን በተለይ ያስፈልጋል፤ ለተጎዳ ስፖርተኛ ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.6 እስከ 2 ግራም ነው። የአጥንት ስንጥቅ ያጋጠማችሁ ከሆነ እንዲያውም ጥያቄው ይገለበጣል፦ ከመጎዳቴ በፊት በቂ እበላ ነበር ወይ? የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ችግር ስም እስከ መስጠት ደርሷል። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭ ይህን ለሐኪሟ ሳትነግር አትለፍ።

ቤት ያለው ሰው ሁሉ ላይ እጮሃለሁ። ምን ላድርግ?

እናቴ አንድ ቀን ሰምታ ሰምታ "የታመመው እግርህ ነው፣ አፍህን ማን ነካው?" አለችኝ። ልክ ነበረች።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አደረግሁ። ስለ እግሬ የማወራበት ሰዓት ወሰንኩ፤ ማታ፣ አሥር ደቂቃ፣ ለአንድ ሰው። የቀረውን ጊዜ ስለ ሌላ ነገር። መጀመሪያ ላይ ስለ ሌላ የማወራው እንደሌለኝ ሳውቅ ደነገጥኩ።

ሐዘኔ ከጉዳቱ ያለፈ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ለ2 ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ከከፋችሁ ወይም ሌላ ጊዜ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ጠዋት ለመነሳት ምክንያት ካጣችሁ፣ ያ የሩጫ ናፍቆት ብቻ አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አናግሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ነገ አትበሉ፤ አሁኑኑ ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። እግሩ ሲያብጥ ራጅ የሚነሳ ሯጭ እዚህ ላይ ሲደርስ "ያልፋል" ይላል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ስመለስ ፈራሁ። በተለይ ቁልቁለቱን።

መፍራታችሁ ትክክል ነው። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ፍሬን የሚይዘው፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ለዚህ ነው በመጨረሻ የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሜዳ ላይ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ከዚያ ሳይቋረጥ መሮጥ። ከዚያ ዳገት ሮጦ መውጣትና በእርምጃ መውረድ። ከዚያ ለስላሳ ቁልቁለት። ድንጋይና ሥር ያለበት ቁልቁለት የመጨረሻው ነው። መልካሙ ዜና፣ ጡንቻ ይህን ቶሎ ይማራል፤ አንድ ቀላል ቁልቁለት ከሮጣችሁ በኋላ የሚቀጥለው በጣም ያነሰ ያማል።

የመጀመሪያው ሩጫ ደግሞ መጥፎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቀነኒሳ በቀለ ከረጅም ጉዳት ተመልሶ ደቡብ ኮሪያ ዴጉ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው 10,000 ሜትር ተሰለፈ። አልጨረሰም፤ አቋርጦ ወጣ። "አበቃለት" ያለው ሰው ብዙ ነበር። ከ19 ቀን በኋላ ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጠ፤ የዓመቱ ፈጣን ሰዓት ሆነ። የእኔ የመጀመሪያ ሩጫ 8 ደቂቃ ነበር፣ አራቱ እርምጃ። የሩጫ ሰዓቴ ልምምዱን "ምርታማ ያልሆነ" አለኝ። ሰዓቱን ኪሴ ከተትኩት።

ጫማውን መቼ ልጠበው?

ይሄን የሚጠይቅ ሰው የለም፤ እኔ ነኝ ራሴን ስጠይቅ የቆየሁት። በ12ኛው ሳምንት፣ የዝላዩን ፈተና ባለፍኩ ማግስት፣ ሳላጥበው አደረግሁትና ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስወርድ የደረቀው ጭቃ በየእርምጃው ይረግፍ ነበር። ስመለስ እናቴ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ።